የማታው ጉርምርምታ

ከአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ

ሸክላ ማለት በቀድሞ ዘመን ዘፈን የሚታተምበት ጥቁር ክብ ነገር መሆኑን ለወላጆቻችን መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ከክፍል ጓደኞቼ መካከል ግን ሸክላ ሲባል የወጥ ድስት ብቻ ትዝ የሚላቸው ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ።

የአገራችን ሰው ድምፅ በሸክላ መቀረጽ የጀመረው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር በሄዱ ጊዜ ማለትም ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። እኛ ቤት ያሉት ግን በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት፥ በአንዱ ፊታቸው አንድ ዘፈን ብቻ የሚይዙት ትናንሾቹ ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948 በወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 ግን አምሃ እሸቴ የሚባሉ ወጣት ነጋዴ በራሳቸው ስም ሸክላ ማሳተም ጀመሩ፤ የመጀመሪያውም የዓለማየሁ እሸቴ ዘፈን ነበር። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጡ። ከዚያ በኋላ የካሴት ዘመን መጥቶ ሸክላው በየሣጥኑ ገባ። ሁለቱም ሰዎች፥ አሳታሚውም ዘፋኙም፥ በዚያው በ2021 በጥቂት ወራት ልዩነት ዐረፉ። ነፍሳቸውን ይማር።

በሸክላ ላይ ያለው ድምፅ ከመርፌዋ ሲወጣ እጅግ ደካማ ነው። መርፌዋ በቦዩ ውስጥ ስትንቀጠቀጥ ትንሽ ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ትወዛወዛለች፤ ከዚህም የሚገኘው ኤሌክትሪክ 5 ሚሊ ቮልት ያህል ነው። አንድ የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ስላለው ከዚህ 300 ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ ድምፁ ወደ ተራ ማጉያ ከመግባቱ በፊት መቶ ጊዜ ያህል የሚያበዛው ቅድመ ማጉያ ያስፈልጋል። ሌላም ነገር አለ። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፥ አለዚያ ቦዩ እየሰፋ ወደ ጎረቤቱ ቦይ ይገባ ነበርና፤ ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ የመርፌዋን ሽሽታ እንዲያሸንፍ ከፍ ይደረጋል። ልኩ በ1954 በአሜሪካ የሸክላ አሳታሚዎች የተወሰነ ሲሆን፥ ቅድመ ማጉያው ይህን ልክ ገልብጦ ወፍራሙን ያነሣል፥ ቀጭኑን ዝቅ ያደርጋል። በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ 1000 ጊዜ ከሚርገበገበው ይልቅ አራት ጊዜ ተኩል ያህል ይበልጥ ይጎላል። አንባቢ ይህችን ቁጥር 100ን በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ ትመጣለች።

በቤታችን እማማ የምንላቸው አያቴ በኅዳር 2017 ዓ.ም. የዓይን ሞራ ለማስገፈፍ ከደብረ ብርሃን ወደ ወሰን፥ ወደ እኛ ቤት መጡ። ከልብሳቸው ይልቅ የተጠነቀቁለት በነጠላ የተጠቀለለ አንድ ሣጥን ነበር። በውስጡ 31 ሸክላዎች ነበሩ፤ አባባ፥ ማለት ባለቤታቸው፥ በመምህርነታቸው ዘመን ከደመወዛቸው እየቆጠቡ የገዟቸው ናቸው። ማጫወቻውም አብሮ መጥቷል፤ ነገር ግን ማጉያው ከተቃጠለ ብዙ ዘመን ሆኖታል፥ የላስቲክ ቀበቶውም እንደ ሙጫ ቀልጧል። እማማም፥ «ዓይኔ ባያይ ጆሮዬ አለ፤ ለገና ወደ ቤቴ ሳልመለስ አንድ ጊዜ አሰሚኝ» አሉኝ። ከዚያች ቀን እስከ ገና የቀረው ስድስት ሳምንት ነበር።

ቀበቶው በቀላሉ ተገኘ። ለቅድመ ማጉያው የፊዚክስ መምህራችን አንድ አሮጌ መጽሐፍና የራሳቸውን ቴስተር አዋሱኝ። በመጽሐፉ ላይ ለእያንዳንዱ ጆሮ ሁለት ሁለት ትራንዚስተር ያለው ሥዕል አለ፤ የሚፈልገውም 15 ቮልት ነው። ትራንስፎርመሩን ከምናለሽ ተራ፥ የቀረውን ከመርካቶ ሱቆች አመጣሁ። መጋቢው፥ ማለት ፓወር ሰፕላዩ፥ እንደሚከተለው ነው። ትራንስፎርመሩ የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 15 ያወርዳል፤ አራት ዳዮዶች ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰውን ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ያስኬዱታል፤ 1000 ማይክሮ ፋራድ የሆነ ካፓሲተር እንደ ውኃ ጋን ያጠራቅመዋል፤ በመጨረሻም 7815 የሚባል ሦስት እግር ያለው ሬጉሌተር ልክ 15 ቮልት አድርጎ ያወጣዋል። መብራቱን ለማወቅ አንዲት ቀይ አምፖል ጨመርኩበት። ሁሉንም በብስኩት ጣሳ ውስጥ አስገባሁት። እናቴ ጣሳዋን ለበርበሬ ትፈልጋት ስለ ነበር ትንሽ ተከራክረናል።

ቅዳሜ ጠዋት ዘፈኑ እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ብሎ ወጣ። እማማ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አንድ የጥላሁን ገሠሠ ሸክላ በሁለት ፊቱ ሰሙና፥ «ማታ ደግሞ ሁላችሁም ባላችሁበት» አሉ። ማታ ሁላችንም ተሰበሰብን። መርፌዋ ገና ሸክላውን ሳትነካ ከስፒከሩ «እምምምም» የሚል ድምፅ ወጣ፤ ዘፈኑ ሲጀምርም ከዘፋኙ እኩል ይጎረምስ ጀመር። እማማ፥ «ምነው ልጄ፥ ንብ ገባበት እንዴ?» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ንቡ የለም። ማታ ንቡ መጣ።

በእንዲህ ያለ ነገር የመጀመሪያው ሥራ ንቡ ከየት እንደሚገባ በር በሩን እየዘጉ መፈለግ ነው። መጀመሪያ ከማጫወቻው የሚመጣውን ሽቦ ነቅዬ የቅድመ ማጉያውን መግቢያ በአጭር ሽቦ ዘጋሁት፤ ጉርምርምታው አልተነካም። እንግዲያው መርፌዋና ሽቦዋ ነጻ ናቸው። ቀጥሎም የብስኩቱን ጣሳ አላቅቄ በምትኩ አሥር የባትሪ ድንጋይ በተርታ ቀጠልኩ፤ አሥር ጊዜ 1.5 ልክ 15 ቮልት ነው። ያን ጊዜ ስፒከሩ ጸጥ አለ። ነገሩ ከመጋቢው እንደ ሆነ ተረጋገጠ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር፤ ቅድመ ማጉያው የሚጠጣው 3 ሚሊ አምፔር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ድንጋዮቹ ለወራት ይበቁ ነበርና። ድንጋዮቹ ግን ከአጎቴ የእጅ መብራትና ከጎረቤት ሬዲዮ የተለቀሙ ስለ ነበሩ በማግስቱ ወደ ባለቤቶቻቸው ተመለሱ። ደግሞም ጠዋት ጨዋ፥ ማታ ሌባ የሚሆን ዕቃ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲቀር እንቅልፍ አይሰጥም።

ድምፁን በስልኬ ላይ ባለ መለኪያ ብለካው በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ ሆነ። ይህ ትልቅ ምስክር ነው። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ አራቱ ዳዮዶች ግን ሁለቱንም ግማሾች ስለሚያቃኑ ካፓሲተሩ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይሞላል። ጉርምርምታው 50 ቢሆን ኖሮ ከትራንስፎርመሩ ማግኔት ወይም ከሽቦ አዘረጋግ የተነሣ ነው እል ነበር። 100 ከሆነ ግን የጋኑ መሙላትና መጉደል ሬጉሌተሩን አልፎ እየወጣ ነው ማለት ነው። በስሌት ካፓሲተሩ ላይ ያለው ከፍታና ዝቅታ 0.2 ቮልት ያህል ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከመርፌዋ 5 ሚሊ ቮልት አርባ ጊዜ ይበልጣል። ሬጉሌተሩ የተቀመጠው ይህን እንዲያግድ ነው፤ ጠዋት ያግዳል፥ ማታ ለምን ይለቃል?

በሰፈራችን ያሉ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ካፓሲተሩ ደርቆ ይሆናል ብለው በ4700 ማይክሮ ፋራድ ለወጡልኝ። ጉርምርምታው ወደ አምስተኛ እጁ ወረደ እንጂ አልጠፋም። ዕቃውን ሁለት ጊዜ ወደ ሱቃቸው ወሰድኩት፤ ሁለት ጊዜም በቀን ብርሃን ለክተው 15 ቮልቱ ቅንጣት እንዳልጎደለ አሳዩኝና፥ «ልጄ፥ ይህ ጤነኛ ነው፤ ይልቅ ጆሮሽን ተመርመሪ» ብለው ሳቁ። ሰውየው ትክክል ነበሩ፤ በሱቃቸው ውስጥ ጤነኛ ነበር።

ከዚህ በኋላ በደብተሬ ላይ ንቡ የመጣበትንና የሄደበትን ሰዓት ለአንድ ሳምንት ጻፍኩ። አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ነው። ከዚህ የሚበልጠውን ምስክርነት የሰጡት ግን እማማ ናቸው። እኛ ዓይናማዎቹ የማንሰማውን ይሰሙ ነበር። አንድ ማታ፥ «ልጄ፥ ከማድ ቤት ‹ቋ› ሲል አልሰማሽም? ‹ቋ› ይላል፥ ወዲያው ንቡ ይመጣል» አሉኝ። ‹ቋ› የሚለው የእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ማብሪያ ነበር። ቀጥለውም፥ ድሮ በደብረ ብርሃን አንዱ ጎረቤት ምጣዱን ሲያበራ የሌላው አምፖል እንደ ከሰል ፍም ይቀላ እንደ ነበር አጫወቱኝ።

እዚህ ላይ ነገሩ በአንድ ጊዜ ተገለጠልኝ። ዛሬ በቤታችን ያለው አምፖል ኤል ኢ ዲ ነው፤ ቮልቱ ቢወርድም ብርሃኑን እምብዛም አይቀንስም። የስልክ ቻርጀርም ከ100 እስከ 240 ቮልት ሁሉን ይበላል። የማጫወቻው ሞተር ሳይቀር የሚዞረው በሴኮንድ 50 በሚለው ምት እንጂ በቮልቱ መጠን ስላልሆነ ዘፈኑ አልዘገየም። ስለዚህ በቤት ውስጥ የቮልቱን መውረድ የሚናገር አንድም ዕቃ አልነበረም፤ ከእኔ የብስኩት ጣሳ በቀር።

አጎቴ ግን ይህን ሲሰማ ሌላ መፍትሔ አቀረበ። «እትዬ፥ እማማ እስኪሄዱ ድረስ የማታውን ጋገራ ብትተዪውስ?» አላት። እናቴ እንጀራ ጋግራ ለሱቆችና ለአንድ ምግብ ቤት ታስረክባለች፤ የእኔ የትምህርት ቤት ክፍያም ደብተሬም ከዚያ ምጣድ የሚወጣ ነው። እሷም ምንም አልመለሰችም። ከሁለት ቀን በኋላ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በእንቅልፌ መሐል የማብሪያውን ‹ቋ› ሰማሁ። ተነሥቼ ባይ እናቴ በጋቢ ተጠቅልላ ምጣዱ አጠገብ ተቀምጣለች። የታኅሣሥ ሌሊት በእንጦጦ ግርጌ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ የወሰንና የኮተቤ ልጆች ታውቃላችሁ። «ማታ ዘፈናችሁ እንዳይበላሽ ነው፤ ሂጂ ተኚ» አለችኝ። በዚያን ሌሊት ግን አልተኛሁም፤ እርሳስና ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ።

ስሌቱ ይህ ነው፤ የፊዚክስ ነገር የማይወድ አንባቢ ቢዘለው አልቀየምም። 15 ቮልት የተባለው የትራንስፎርመር ኤሌክትሪክ ጫፉ በ1.414 ሲባዛ 21.2 ይሆናል፤ ዳዮዶቹ 1.4 ይወስዱና ለካፓሲተሩ 19.8 ቮልት ይደርሰዋል። 7815 የሚባለው ሬጉሌተር 15 ለማውጣት ቢያንስ 17 ያህል መቀበል አለበት። ስለዚህ በ220 ቮልት ጊዜ ትርፍ አለው። የግድግዳው ቮልት ወደ 191 ቢወርድ ግን ካፓሲተሩ የሚያገኘው ልክ 17 ይሆናል። ከዚያ በታች ሬጉሌተሩ የሚቆርጠው ትርፍ ስለሚያጣ እንደ ተከፈተ በር ይሆናል፤ ከውስጥ ያለው ከፍታና ዝቅታ ሁሉ ወደ ውጭ ያልፋል። ይህ እውነት ከሆነ ንቡ መምጣት ያለበት በ191 አካባቢ ነው።

እናቴን አንድ ማታ ብቻ እንደ ቀድሞው እንድትጋግርልኝ ለመንኳት። አጎቴ ከአጠገቤ ቆሞ ቴስተሩን በግድግዳው መሰኪያ ላይ ሰካን። (ታናናሾቼ ሆይ፥ የግድግዳ ኤሌክትሪክ ጨዋታ አይደለም፤ አዋቂ ሳይኖር አትሞክሩት።) ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ 212 ቮልት ነበር። እናቴ ምጣዷን አበራች፤ 197 ሆነ። ስፒከሩ ግን ጸጥ አለ! አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጠበቅን። ጎረቤቶቻችን ከሥራ እየተመለሱ ምጣዳቸውንና ምድጃቸውን ሲያበሩ ቁጥሩ እየተንሸራተተ 195፥ 193፥ 192 አለ። 190 ላይ ሲደርስ ንቡ በሩቁ ጀመረ፤ በ185 ጎላ። በዚያ ማታ ያየነው ዝቅተኛው 175 ነው።

በዚህ የታወቀው የመጀመሪያ ነገር የእናቴ ምጣድ ብቻውን ጥፋተኛ አለመሆኑ ነው። ሦስት ሺህ አምስት መቶ ዋት የሚበላ ምጣድ 15 አምፔር ያህል ይስባል፤ ከምሰሶው እስከ እኛ ቤት ያለው ረጅም ሽቦ አንድ ኦም ያህል እንቅፋት ካለበት በኦም ሕግ 15 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። የአንዱ ምጣድ 15 ከሆነ የብዙዎቹ ሲደመር ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። ለጨዋታ ያህል ይህንም አስቤ ነበር፦ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ያህል ነው፤ ኃይሉ በሙሉ ለእንጀራ ቢውል በአንድ ጊዜ 12 ሺህ ምጣድ ያህል ያሰማ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ በ5150 ሜጋ ዋቱ ከአንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ በላይ ይችላል። ግድቡ ምንም ያህል ቢሰፋ ግን የመጨረሻዋ ሽቦ ቀጭን ከሆነች ቮልቱ እዚያው ላይ ይቀራል።

የቀረው መፍትሔ ነው። አጎቴ ስታቢላይዘር እንግዛ አለ፤ ዋጋው ከአቅማችን በላይ ሆነ። ከፍ ያለ ትራንስፎርመር መፈለግም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን እስከ ገና የቀረው ዘጠኝ ቀን ነበር። እኔ የመረጥኩት ሬጉሌተሩ ብዙ እንዳይጠይቅ ማድረግን ነው። የ7815 ታናሽ ወንድም 7812 ይባላል፤ 12 ቮልት ያወጣል፥ የሚጠይቀውም 14 ያህል ብቻ ነው። የእግሮቹ አቀማመጥ አንድ ስለ ሆነ አንዱን ነቅሎ ሌላውን መበየድ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። በስሌት የግድግዳው ቮልት እስከ 160 ቢወርድ እንኳ አይደናገጥም፤ እኛ ያየነው ዝቅተኛው 175 ነው። ቅድመ ማጉያው በ12 ቮልት ይበቃው እንደ ሆነ መምህራችንን ጠየቅኳቸው። የ5 ሚሊ ቮልት መቶ እጥፍ ግማሽ ቮልት መሆኑን አስልተው፥ «ለግማሽ ቮልት እንግዳ የ12 ቮልት አዳራሽ አይጠበውም» አሉኝ።

ታኅሣሥ 21 ቀን ማታ፥ ምጣዱ በርቶ፥ ቴስተሩ 179 እያለ፥ ማጫወቻውን ከፈትኩ። ስፒከሩ ውስጥ ምንም የለም። ጆሮዬን አስጠግቼ ብሰማ በጣም ቀጭን የሆነ የ50 ምት ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም የብስኩቱን ጣሳ ከማጫወቻው ክንድ ያህል ባርቀው ጠፋ። የዓይናቸው ሞራ በዚያው ሳምንት የተገፈፈላቸው እማማ፥ አንዱን ዓይናቸውን በነጭ ጨርቅ እንደ ተሸፈኑ፥ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ እያነሡ ጽሑፋቸውን በሌላው ዓይናቸው ለማንበብ ይጥሩ ነበር። አንዱን መርጠው ሰጡኝ። መሐሉ ላይ የተሰነጠቀ ስለ ነበር በየዙሩ «ጠቅ፥ ጠቅ» ይላል። ላነሣው ስል፥ «ተዪው፤ ይህን የሰነጠቁት አባባ ናቸው፥ በሠርጋችን ማግስት» አሉኝ። እናቴ ከማድ ቤት አሞላል አቁማ፥ እጇ ሊጥ እንደ ያዘ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ከዚያ ዘፈኑ ሳያልቅ ወደ ምጣዷ ተመለሰች፤ እንጀራው ሊያር ነበርና።

እማማ ሣጥናቸውን ይዘው ለገና ወደ ደብረ ብርሃን ተመለሱ፤ ሦስት ሸክላዎችና ማጫወቻው ከእኔ ጋር ቀርተዋል። የግራው ስፒከር ከቀኙ ጥቂት ያንሳል፤ ምክንያቱን ገና እየፈለግኩ ነው። የተነቀለው 7815 ምንም ጉዳት ስላልደረሰበት በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ቮልቱ በማይወርድ ሰፈር የሚኖርና የሚፈልገው የክፍል ጓደኛ ካለ በእረፍት ሰዓት መጥቶ ይውሰደው።